የመስከረም ጠዋት ሳያልፍባችሁ

ክረምቱን ሙሉ ጃንጥላ ተሸክማችሁ ለከረማችሁ የመሃል ከተማ ሰዎች አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። መስከረም ላይ ጠዋቱን ያዙ። ከሰዓት በኋላውን አትመኑት፣ ዝናቡ ገና ጨርሶ አልሄደም።

እኔ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በታክሲ ፒያሳ እወጣለሁ። ከዚያ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር በእግር። አቅጣጫውን አትቀይሩት! አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቴዎድሮስ አደባባይ ስትደርሱ ቆም በሉ። የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ እዚያ አለ። በታክሲ ስናልፍ ማን ያየዋል? አየሩ ታጥቦ ጥርት ስላለ፣ ዞር ስትሉ እንጦጦ እጅ ሲዘረጉ የሚነካ ይመስላል። ኮፍያ ግን አትርሱ፤ ብርድ ነው ብላችሁ ስትዘናጉ ፀሐዩ ፊት ይልጣል።

መንገድ ላይ አደይ አበባ ካገኛችሁ ግማሹ ገና ያልፈነዳውን እሰር ምረጡ። ቤት እንደገባችሁ የግንዱን ጫፍ በሰያፍ ቁረጡና ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፉ፤ አለዚያ ውኃውን ያገማዋል። ውኃውን በየቀኑ ቀይሩ። እኔ አምና መስኮት ላይ ፀሐይ ፊት አስቀምጬው በማግስቱ ጠወለገ። ጥላ ይሻለዋል።

ፀሐዩን ለብርድ ልብሱ ተዉለት። ስትወጡ አስጡት፣ ከ6 ሰዓት በፊት አስገቡት።