ቲቪ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ ሳሎን ግቡ

መጀመሪያ ቲቪ ስገዛ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ፒያሳ ወረድኩ፣ 55 ኢንች አየሁ፣ ልቤ ቀለጠ፣ አሸክሜ ቤት ገባሁ። ቡፌው ላይ አልገባ አለ። የቡፌው የቲቪ ቦታ 1 ሜትር ከ10 ነው፣ ቲቪው 1 ሜትር ከ22። እናቴ አንዴ ቡፌውን አንዴ ቲቪውን አየችና «ታዲያ የቱን ልትቆርጠው ነው?» አለችኝ። የተቆረጠው ቡፌው ነው።

ስለዚህ ከሜትር እንጀምር። ኢንች የሚባለው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የሚለካው ነው እንጂ ወርዱ አይደለም። 32 ኢንች ወርዱ 71 ሴንቲ ገደማ ነው፣ 43ቱ 95፣ 50ው 111፣ 55ቱ 122። እግሩንም እዩ። የአንዳንዱ ቲቪ ሁለት እግር ዳርና ዳር ስለሚቆም ጠረጴዛችሁ ጠበብ ካለ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል። ከሶፋው እስከ ቲቪው 2 ሜትር ከሆነ 43 ይበቃችኋል። 3 ሜትር ከደረሰ 50ም 55ም ያምራል። ከዚያ በላይ የሚገዛው ለእንግዳ ነው።

ፎርኬ (4K፣ ከኤችዲ በጣም የጠራ ምስል) ልግዛ ወይ የሚል ሁልጊዜ አለ። በዲሽ የምናያቸው የአገራችን ቻናሎች ፎርኬ አይደሉም። ፎርኬ ዋጋ የሚኖረው ቤታችሁ ፈጣን ዋይፋይ ኖሮ ዩቲዩብ ስታዩ ነው። ስማርትም፣ ማለትም ራሱ ኢንተርኔት የሚከፍተው ቲቪ፣ እንደዚያው። ዋይፋይ ከሌለና ከስልክ ሆትስፖት ከፍታችሁ የምታዩ ከሆነ ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ከ1 ጊጋ በላይ ሊበላ ይችላል፣ ፓኬጁ ሳይታወቃችሁ ያልቃል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ግን አትመኑ። «ፎርኬ ይደግፋል» ማለትና ስክሪኑ ራሱ ፎርኬ መሆን ለየቅል ናቸው። ሱቅ ስትሄዱ በፍላሽ ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ አንድ እውነተኛ የፎርኬ ቪዲዮ፣ እና ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ ጥቁር የሆኑ ሦስት ፎቶዎች። ነጩና ቀዩ ላይ የሞተች (የማትበራ) ነጥብ ካለች ትታያለች፣ ጥቁሩ ላይ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን ይታያል። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው ስቲከርና ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። ሦስቱ አንድ ካልሆኑ «ወንድሜ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ውጡ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹን ሁሉ፣ ዩኤስቢውን፣ ሪሞቱንና ድምፁን እዚያው ሞክሩ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር። እኛ ወሎዬዎች ሰው ላለማስቀየም ስንል ያልሞከርነውን እቃ ይዘን እንመጣለን።

አሁን ወደ መቅጃው፣ ፕሮግራም ቀድቶ በኋላ ወደሚያሳየን። ሱቅ ገብታችሁ «ይሄ ሪሲቨር ይቀዳል?» ብትሉ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ጥያቄውን ቀይሩት። «ፍላሼን ሰካና አምስት ደቂቃ ቅዳልኝ፣ እየቀዳ እያለ ሌላ ቻናል ልይ» በሉት። አብዛኛው ሪሲቨር ያለው ቱነር አንድ ብቻ ነው። ቱነር ማለት ፍሪኩዌንሲውን የሚይዘው ክፍል ነው። አንድ ከሆነ አንዱን ቻናል እየቀዳ ሌላውን የሚያሳያችሁ ሁለቱ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚመጡ ከሆነ ብቻ ነው። ኢትዮሳት በሚባለው ሳተላይት ላይ በ11105 ፍሪኩዌንሲ አብረው የሚመጡ የአገር ቤት ቻናሎች ስላሉ እነሱን በተመለከተ ብዙም አትቸገሩም። ናይልሳት በሚባለው ሌላ ሳተላይት ላይ ያለ ኳስ እየቀዳችሁ ኢትዮሳት ላይ ድራማ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ባለ ሁለት ቱነር ሪሲቨርና ከዲሹ የሚወርድ ሁለተኛ ገመድ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ቲቪ ሪሲቨሩ ውስጡ ነው፣ ገመዱን በቀጥታ ትሰኩበታላችሁ፣ ይቀዳልም። እቃ ይቀንሳል፣ ሪሞትም አንድ ይሆናል፣ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ነገር እወቁ። ቲቪው የቀዳውን ብዙ ጊዜ ከራሱ ሌላ ምንም ነገር አይከፍተውም፣ ስለዚህ ለእህታችሁ በፍላሽ ልላክላት ብትሉ አይሆንም። ሌላው፣ መቅዳት ከመጀመሩ በፊት ፍላሹን ፎርማት ላድርግ ይላል። እሺ ካላችሁ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የሠርግ ቪዲዮ ያለበትን ፍላሽ እንዳትሰኩ! ለብቻው የሚገዛ ሪሲቨር የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተር ላይም ይከፈታል፣ እኔ በዚህ ምክንያት እሱን እመርጣለሁ። በክፍያ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ዲኤስቲቪ ኤክስፕሎራ የሚባል ሃርድ ዲስኩ ውስጡ ያለ ዲኮደር አለው።

የፍላሽ ነገር። ኤችዲ ቻናል በሰዓት 2 ጊጋ ገደማ ይወስዳል፣ 64 ጊጋ ፍላሽ 30 ሰዓት አካባቢ ይይዛል ማለት ነው። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው የፎርማት ዓይነት ከተፎረመተ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ አይችልም። አንዳንዱ ሪሲቨር ቆራርጦ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ግን ጸጥ ብሎ ያቆማል፣ እናንተም የጨዋታውን መጨረሻ ሳታዩ ትቀራላችሁ። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠውን «512 ጊጋ» ፍላሽ እርሱት፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ የተጻፈበትን ሩቡን እንኳ አይይዝም።

ሪሲቨሩ ራሱ እንዲቀዳ በምንሞላለት ሰዓት ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። እናቴ ለቅሶ ልትሄድ ነው፣ ማታ 2 ሰዓት የምታየው ድራማ አለ፣ ቅዳልኝ አለች። 2:00 ብዬ ሞላሁ። ሪሲቨሩ በእኛ አቆጣጠር አይሠራም፤ ማታ 2 ሰዓት ለእሱ 20:00 ነው። 2:00 ያልኩት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ አረፈው፣ ጠዋት ስንከፍተው ሌላ ፕሮግራም ቀድቶ አገኘነው። ስለዚህ የሰዓት ቀጠናውን +3 አድርጉ፣ ለቀኑ 6፣ ለማታው 18 ደምሩ፣ ከሌሊቱ 6 ካለፈ 6 ቀንሱ። ከመጀመሪያው 5 ደቂቃ ቀደም፣ ከመጨረሻው 15 ደቂቃ ገፋ አድርጉት። ደግሞም በሪሞት ዝጉት እንጂ ከሶኬት አትንቀሉት። ከተነቀለ ምን ይቀዳል?

ዲሹን ባጭሩ። ከደሴ ሆናችሁ ኢትዮሳት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፣ ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚቆም አጥር ብዙም አይጋርደውም። ናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ ነው፣ ዝቅ ይላል፣ የጎረቤት ባህር ዛፍ ወይም አዲስ ፎቅ ይጋርደዋል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጠና ሲግናል ይወርዳል፣ የተቀዳውም ይቆራረጣል። ሰኔ ሳይገባ ዲሽ ሠሪ ጠርታችሁ አጥብቁት።

ከሁሉ በላይ ብር ልታወጡበት የሚገባው መብራቱ ላይ ነው። የብዙ ቲቪ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ታያላችሁ፣ ስለዚህ መብራቱ መድከሙ ብዙም አያሳስብም። የሚያቃጥለው ጠፍቶ ሲመጣ ዘሎ የሚገባው ነው። ሲመለስ ትንሽ ጠብቆ የሚለቅ ስታብላይዘር ግዙ፣ ለአንድ ቲቪና ሪሲቨር 1000 ቪኤ ይበቃል። ከ50 ኢንች ወደ 43 ወርዳችሁ በተረፈው ስታብላይዘር ብትገዙ እኔ አጨበጭባለሁ። ሐምሌና ነሐሴ መብረቁ ሲጀምር ደግሞ የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ ንቀሉ፣ መብረቅ በዚያም ይገባል። ያኔ ቅጂው ይቅር።

ኮምቦልቻ ገዝታችሁ ወደ ደሴ የምታመጡ፣ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ቲቪው ቆሞ ይሁን። ተኝቶ ከተጫነና ላዩ ላይ ሻንጣ ከተደረበበት ያ ጠመዝማዛ መንገድ ስክሪኑን ይሰነጥቀዋል፣ የተሰነጠቀ ስክሪን ደግሞ ዋስትና አይሸፍነውም። ማህተም ያለበት ደረሰኝ ሳትይዙ አትንቀሳቀሱ። ካርቶኑንም ልጆች ቤት ሠርተው እንዳይጫወቱበት፣ ዋስትናው እስኪያልቅ አልጋ ሥር አኑሩት። የእኔን ሱቁ «ያለ ካርቶን አንቀበልም» ብሎ መልሶኛል።