የግድግዳ ቀለም በውሃ እንዴት ይበጠበጣል (ሳይቀጥንባችሁ)

እዚህ የማወራው በውሃ ስለሚበጠበጠው ፕላስቲክ ቀለም ብቻ ነው። የዘይት ቀለም በአኳራጅ ወይ በቲነር ነው የሚቀጥነው፣ ሁለቱን እንዳታምታቱ፤ ፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ቲነር ከገባ ይጓጉልና ባልዲው እንዳለ ይጣላል።

መጀመሪያ ባልዲው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አውቃለሁ ማንም አያነብም፣ ግን ምን ያህል ውሃ እንደሚችል የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ደሞ ጭራሽ ውሃ አትጨምሩ ይላል። ለብሩሽና ለሮለር ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ነው። 10 ፐርሰንት ማለት ለ4 ሊትር ቀለም 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው፣ ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ እንኳን አይሞላም። አዲስ ልስን ላይ ለሚቀባው ለመጀመሪያው እጅ ከዚህ በላይ ይቀጥናል፣ ምክንያቱም ደረቅ ልስን ውሃውን ከቀለሙ ቶሎ ይመጠውና ቀለሙ ሳይዝ ላዩ ላይ ደርቆ በኋላ ይላጣል።

ክዳኑን ስትከፍቱ ቆዳ ከያዘ አንስታችሁ ጣሉት፣ እሱን አብራችሁ ብታማስሉት ሙሉ ቀን ግድግዳው ላይ ፍርፋሪ ስትለቅሙ ነው የምትውሉት። ላዩ ላይ ያቆረ ውሃ ካለ ግን እንዳትደፉት፣ የራሱ የቀለሙ ውሃ ነው። በጠፍጣፋ እንጨት ስሩን እየፋቃችሁ አምስት ደቂቃ አማስሉ። ወፍራም ነው የተባለው ቀለም ግማሹ ስሩ ላይ የተቀመጠ እንጂ ወፍራም አይደለም፣ በደንብ ሲማሰል ውሃ ሳይፈልግ የሚስተካከል ብዙ አይቻለሁ። ድሪል ላይ የሚገጠም ማማሰያ ያላችሁ በቀስታ አዙሩት። እኔ በግሌ አልወደውም፣ ሲፈጥን አረፋ ያስገባና አረፋው ግድግዳው ላይ ሲፈነዳ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ይተዋል።

አሁን ውሃው። ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው፣ እኔም የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። ሳሎን ስቀባ ቀለሙ የሚያንሰኝ ስለመሰለኝ በጆግ በግምት ለቀቅኩበት፣ ሲማሰል እንዴት ደስ ይል ነበር፣ ሮለሩም እንደ ቅቤ ሄደ። ከዛ ከላይ የቀባሁት እየተንጠባጠበ ወረደ፣ ሲደርቅ ደሞ የድሮው ቀለም ከስሩ ፍጥጥ ብሎ ታየ፤ በሁለት እጅ ያልቅ የነበረው አራት እጅ ፈጀ፣ ቆጠብኩ ያልኩትን ከነትርፉ ከፈልኩት ማለት ነው። ሁለተኛውን ባልዲ በሌላ መጠን ስለበጠበጥኩት የተገናኙበት ቦታ ማታ መብራት ከጎን ሲመታው እስከዛሬ መስመሩ ይታያል። ከወራት በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ስወለውለው ቀለሙ ከጨርቁ ጋር መጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀለሙን የሚያጣብቀው ውሃው ውስጥ የተበተኑ በጣም ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው፣ ውሃው ሲተን ተጠጋግተው አንድ ሽፋን ይሆናሉ። ውሃ ከበዛ ይራራቁና የሚቀረው ዱቄት ነገር ነው።

ስለዚ እንዲህ አድርጉ። ሙሉውን ባልዲ አትንኩ፣ ለአንድ ክፍል የሚበቃችሁን ወደ ሌላ ባልዲ ቀንሱ፣ ቢያንስ አንድ ሊትር ያልተነካ ይቅር። ንጹህ ውሃ ለኩና ግማሹን ብቻ ጨምሩ፣ እያማሰላችሁ በቀጭኑ። ከዛ እንጨቱን አንሱና እዩ፤ ቀለሙ እየተቆራረጠ ጓል ጓል እያለ ከወደቀ ገና ነው። ሳይቋረጥ እንደ ሪባን ከወረደና የወደቀበት ቦታ ምልክቱ ትንሽ ቆይቶ ከጠፋ አቁሙ፣ እዛ ጋ በቃ። እንደ ወተት ፈስሶ የእንጨቱ መልክ ከስር ከታየ አልፏል። ከእንጨቱ የተሻለው ፈተና ደሞ ግድግዳው ራሱ ነው፣ የማይታይ ጥግ ላይ ቅቡና ሮለሩ ተጣብቆ ጭር ጭር እያለ የሚጎተት ከሆነ ትንሽ ውሃ ይፈልጋል፣ ፊታችሁ ላይ የሚረጭ ከሆነ ግን በዝቷል። ሳይደርቅ እንዳትፈርዱ ብቻ፣ እርጥብ ቀለም ሁሌ ያታልላል።

ካለፈባችሁ መድኃኒቱ ያ ያስቀራችሁት አንድ ሊትር ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ክዳኑን ከፍቶ እስኪተን መጠበቅ ምናምን የሚሉ አሉ፣ ላዩ ቆዳ ይይዛል እንጂ አይወፍርም።

ለአንድ ግድግዳ ሁለት ባልዲ የሚያስፈልግ ከሆነ ያቺን አንድ ሊትር አስቀርታችሁ የሁለቱንም አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ደባልቃችሁ ነው መጀመር ያለባችሁ፣ መሀል ላይ እንደ አዲስ መበጥበጥ የለም። ጓል ካለው በአሮጌ ናይለን ካልሲ አጥልሉት፣ አስር ደቂቃ ይረፍ፣ ከዛ ቅቡ።

የተረፈውን ወደ ዋናው ባልዲ አትመልሱት፣ ውሃ የገባበት ቀለም ቶሎ ይሸታል፣ ያልተነካውንም ይዞ ይበላሻል። ለብቻው ከድናችሁ ክዳኑ ላይ "ውሃ አለው" ብላችሁ ጻፉበትና በጥቂት ቀን ውስጥ ጨርሱት።