ስለ ፓርላማ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙዎቻችን ፓርላማን የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው። ሰፊ አዳራሽ፣ የሚወጡና የሚወርዱ እጆች፣ ጭብጨባ። ያንን ብቻ አይተን የምንሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ያሳስተናል።

የመጀመሪያውና የባሰው ስህተት «ሥራው ሕግ ማውጣት ነው» ብሎ እዚያው ላይ ማቆም ነው። ስሙ ሕግ አውጪ ስለሆነ ሌላውን እንረሳዋለን። ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል። የጸደቀው ገንዘብ የት እንደገባም ይጠይቃል። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይሄ መጠየቁ ነው። እስቲ አንድ የቋሚ ኮሚቴ ስብሰባ አስቡ። ኃላፊው ወፍራም ሪፖርት ይዞ ቀርቧል። «ግንባታው እየተፋጠነ ነው» ይላል። አንዷ ተወካይ የኦዲት ሪፖርቱን ገለጥ አድርጋ፣ ጣቷን አንዱ መስመር ላይ አሳርፋ፣ «ክፍያው ግን አልቋል። ያላለቀ ሥራ እንዴት ተከፈለበት?» ትለዋለች። ሕግ አልወጣም፤ ጭብጨባም የለም። የሕዝብ ገንዘብ የሚጠበቀው ግን እንዲህ ባለች ሰዓት ነው። በብሪታንያ የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረው የፓርላማ ኮሚቴ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። ሰብሳቢው በልማድ ከተቃዋሚው ወገን ይሆናል። የራስን ፓርቲ ሒሳብ ጨከን ብሎ መመርመር ከባድ ስለሆነ፣ ይህ በጣም ብልህ አሠራር ይመስለኛል።

ባዶ ወንበር አይቶ «እነዚህ ሥራ የላቸውም» ማለትም ያሳስታል። ረቂቅ ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ የሚታየው፣ ባለሙያና ባለጉዳይ የሚደመጠው ባብዛኛው በኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። የአንድን ተወካይ ትጋት ማወቅ የሚፈልግ ሰው የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ይፈልግ።

የወጡትን ሕጎች ቆጥሮ ነጥብ መስጠትም አያስኬድም። መጥፎ ረቂቅ ወደመጣበት መመለስም ሥራ ነው።

ተቃውሞን እንደ እንቅፋት ማየት ሌላው ነው። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 በሶሪያ ላይ ለሚወሰድ ወታደራዊ እርምጃ የፓርላማውን ይሁንታ ጠየቀ። 272 ደገፉ፣ 285 ተቃወሙ። ከተቃወሙት ውስጥ የገዢው ፓርቲ አባላትም ነበሩበት። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ውሳኔውን ተቀበሉ። መንግሥት አልፈረሰም፤ ተጠየቀ፣ ሰማ፣ አለቀ።

«ፓርላማው ለምን መሪውን አያወርደውም?» የሚለው ጥያቄም አገር ሳይለዩ ከተጠየቀ ስህተት ነው። የጀርመን ምክር ቤት መራሔ መንግሥቱን ማንሳት ይችላል፤ ግን በዚያው ድምፅ ተተኪውን መምረጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1982 ሄልሙት ሽሚት ወርደው ሄልሙት ኮል የተተኩት በዚህ መንገድ ነው። በአሜሪካ ግን ኮንግረሱ ፖሊሲያቸውን ስላልወደደው ብቻ ፕሬዚዳንቱን ማውረድ አይችልም። የተወካዮች ምክር ቤቱ ይከሳል፤ ጥፋተኛ ለማለት በሴኔቱ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው የእኛ የመራጮቹ ስህተት ነው፤ ተወካይን እንደ ጉዳይ አስፈጻሚ መቁጠር። መንገድ የሚሠራው አስፈጻሚው አካል ነው። ተወካዩ የመንገዱን በጀት ያጸድቃል፤ ሥራው ሲዘገይ ደግሞ ሚኒስትሩን ያፋጥጣል። ስለዚህ ስታገኙት «መንገዱን መቼ ትሠራልናለህ?» አትበሉት። «በጀቱ ሲጸድቅ ድምፅህን ለየትኛው ሰጠህ? ሥራው ሲቆምስ ማንን ጠየቅህ?» በሉት።