የጦር ወንጀል ነው ወይስ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ?

ጎንደር ውስጥ ነፃ የሕግ ድጋፍ የምትሰጡ ከሆነ፣ የባለጉዳዩን ቃል ስትቀበሉ ለድርጊቱ ስም ለማውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የትጥቅ ግጭት ነበር ወይ? ድርጊቱስ ከግጭቱ ጋር ይያያዛል? ብላችሁ ጠይቁ። አዘዞ ላይ ጎረቤታሞች በድንበር ተጣልተው አንዱ ሌላውን ቢገድል፣ አገሩ ጦርነት ላይ ቢሆንም ተራ ግድያ ነው። ተዋጊ የማረከውን ቢገድል ግን ሟቹ አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም የጦር ወንጀል ነው።

በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ጦርነት አይጠይቅም። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሮም ስምምነት አንቀጽ 7 የሚጠይቀው፣ ድርጊቱ በሲቪል ሕዝብ ላይ ያነጣጠረ መጠነ ሰፊ ወይም ስልታዊ ጥቃት አካል እንዲሆን፣ ፈጻሚውም ይህን እንዲያውቅ ነው። ጥቃቱ መጠነ ሰፊ ወይም ስልታዊ ከሆነ አንዱ ይበቃል፤ ብዙ ማስታወሻ የሚበላሸው የሟች ቁጥር ብቻ ተመዝግቦ ሲቀር ነው። ከጥቃቱ ጀርባ የመንግሥት ወይም የድርጅት ፖሊሲ መኖሩም መታየት ስላለበት፣ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ ትእዛዝ ሰጪውን፣ የደንብ ልብሱን፣ በሌላ ቀበሌ የተደገመ ተመሳሳይ ድርጊት ካለም እሱን ጻፉ።

አገራችን የሮምን ስምምነት አላጸደቀችም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 270 በሲቪሎች ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን ይቀጣል። በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸመውን ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በይርጋ አይታገድም (ጊዜ አለፈበት ተብሎ ክሱ አይቀርም) ቢልም፣ ይኸው የወንጀል ሕግ ለብቻው አልደነገገውም።