መልቲፕሌክስ ምርመራ የሚሰናከልባቸው ስህተቶች

ከአንዲት ጠብታ ናሙና አሥርና ሃያ ነገር በአንድ ጊዜ መለካት ያጓጓል። በአንድ ቱቦ ብዙ የዲኤንኤ ክፍሎችን አብሮ የሚያባዛው መልቲፕሌክስ ፒሲአር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ዱሼን የተባለውን ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ የሚያስከትሉ የዘረመል ጉድለቶችን ለመለየት ሲውል የተፈለገውም ይኸው ነበር። ሆኖም በአንድ ቱቦ የገቡ ምርመራዎች እርስ በርስ ይነካካሉ፤ አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ይህን ከመዘንጋት ነው።

የመጀመሪያው፣ ለየብቻ የተሳኩ ምርመራዎች ሲደባለቁም ይሳካሉ ብሎ መጠበቅ ነው። አንድ ዒላማ (የሚፈለግ የዲኤንኤ ክፍል) ሁለት ፕራይመር፣ ማለትም ቅጂው ከየት እንደሚጀመር የሚያመለክቱ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች፣ ይፈልጋል። ዒላማዎቹ 10 ሲሆኑ ፕራይመሮቹ 20 ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ወይም ከራሱ ቢጤ ጋር ሊጣበቅ የሚችልባቸው ጥምረቶች ግን 210 ይደርሳሉ። የተጣበቁት ጥንዶች ግብአቱን በከንቱ ይበሉታል። ስለዚህ ዒላማዎችን አንድ በአንድ መጨመር፣ በየደረጃውም ዲኤንኤ የሌለበት ቱቦ አብሮ ማሠራት ይገባል። አሰልቺ ነው፤ ጥፋተኛውን ከ20 ተጠርጣሪ መካከል ከመፈለግ ግን ይሻላል።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ፣ አንድ ዒላማ ብቻ በያዙ ናሙናዎች ፈትሾ «ይሠራል» ማለት ነው። በሽተኛን ሁለት ተሕዋስያን አብረው ሊይዙት ይችላሉ። በብዛት ያለው ቀድሞ ሲባዛ ግብአቱን ይጨርስና ጥቂቱ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። አንዱን እጅግ አብዝቶ፣ ሌላውን እጅግ አሳንሶ መቀላቀልና መፈተን ግድ ነው። ጥቂቱ ከጠፋ የብዙውን ፕራይመር መቀነስ ብዙ ጊዜ ይረዳል። «የለም» የሚለው ቃል የሚታመነውም አብሮ የገባ የውስጥ መቆጣጠሪያ (ምርመራው ራሱ መሥራቱን የሚያሳይ የታወቀ ዲኤንኤ) ሲሠራ ብቻ ነው፤ ከደም የመጣ ሄም (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ ብረት ያዘለ ውህድ) ፒሲአሩን አፍኖት ሊሆን ይችላልና።

በቀለም በተለዩ ጥቃቅን ዶቃዎች ፕሮቲን ለሚለኩ ደግሞ ወጥመዱ ናሙናውን ለሁሉም ፕሮቲኖች በእኩል መጠን ማቅጠን ነው። ሁለት የብግነት ጠቋሚ ፕሮቲኖችን እንይ፦ በደም ውስጥ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በሚሊግራም በሊትር ሲለካ፣ የጤነኛ ሰው ኢንተርሉኪን-6 በፒኮግራም በሚሊሊትር ይለካል፤ ልዩነቱ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ነው። ለአንደኛው ብለው ቢያቀጥኑ ሁለተኛው ይጠፋል፤ ባያቀጥኑ የበዛው ፕሮቲን ከሁለት ወገን አብረው እንዲይዙት የተዘጋጁትን ሁለት ፀረ እንግዳ አካላት ለየብቻ ይይዝና ምልክቱ በማደግ ፈንታ ይወርዳል። እንዲህ ያሉትን ወደ ተለያዩ የምርመራ ሳህኖች መክፈል ሽንፈት አይደለም።

የማነጻጸሪያ መለኪያውን በንጹህ መፍትሔ ብቻ አዘጋጅቶ ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለይ ፈሳሽ) ላይ ማዋልም ያሳስታል። የታወቀ መጠን በእውነተኛ ሴረም ውስጥ ጨምሮ ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚነበብ ማየት ይቀድማል።

የመጨረሻው ከቱቦው ውጭ ያለ ስህተት ነው። እያንዳንዳቸው 5 በመቶ የሐሰት አዎንታዊ ውጤት የሚሰጡ 20 ምርመራዎች ነጻ ሆነው ቢሠሩ፣ ምንም በሌለበት ሰው ላይ ቢያንስ አንዱ «አለ» የማለት ዕድሉ 64 በመቶ ይሆናል። ተመራማሪ ይህን በስሌቱ ማረም አለበት፤ ሐኪም ደግሞ ከበሽተኛው ምልክት ጋር የማይሄደውን ብቸኛ «አለ» ሕክምና ከማዘዙ በፊት በሌላ ዘዴ ያስደግመው።