ለሠርግና ለበዓል ቀሚስ ሲያሰፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር ጥር የቀሚስ ወር ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ የሚለበሰው ይቀድማል፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደግሞ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሠርጉና መልሱ ይከተላል። በዚህ ከተማ ልብስ ስሰፋ በኖርኩባቸው ዓመታት ከሚመጡልኝ ደንበኞች ብዙዎቹ መልካም ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ። ቅር የሚሰኙ ካሉ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ የቀሚሱን ቅርጽ የመረጡት በመስታወት ፊት ቆመው የሚታዩትን ብቻ አስበው ነው። ቀሚስ ግን ይሄዱበታል፣ ይቀመጡበታል፣ በእኛ አገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጨፍሩበታል።

የመጀመሪያው ስህተት ቅርጹን ከጨርቁ ነጥሎ መምረጥ ነው። ደንበኛዋ ስልኳን አውጥታ እስከ ጉልበት ድረስ ገላ ላይ ጥብቅ ብሎ ከዚያ በታች የሚዘረጋ ቀሚስ ታሳየኛለች፤ በፌስታል ይዛው የመጣችው ግን ሰፊ ጥለት ያለው ሸማ ነው። በፎቶው ላይ ያለው ቀሚስ የተሰፋው ከሚለጠጥ ጨርቅ ወይም በሰያፍ ከተቆረጠ ሳቲን ነው። ሸማ ከጥጥ ፈትል የተሸመነ በመሆኑ አይለጠጥም፤ ዳሌ ላይ አጥብቀው ቢሰፉትም ባለቤቷ ስትቀመጥ ድሩና ማጉ ከስፌቱ እየሸሸ ጨርቁ ይሳሳል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም ነገር አለ። ጥለት ከሸማኔው እጅ የሚወጣው ቀጥ ብሎ ነው፤ ሙሉ ክሎሽ፣ ማለትም በክብ ተቆርጦ ወደ ታች የሚዘረጋ ቀሚስ፣ ሲቆረጥ ደግሞ የታችኛው ጠርዝ ክብ ይሆናል፤ ቀጥ ያለ ጥለት ክብ ጠርዝን ተከትሎ ሊዞር አይችልም። ስለዚህ ጥለቱ ከታች እንዲቀርላት የምትፈልግ ሴት ስፋቱን ከክሎሽ ሳይሆን ከሽንሽን ብታገኘው ይሻላል። ሽንሽን ወገብ ላይ ጨርቅ ስለሚከምር ሆዷ ገፋ ላለ ሴት ከወገብ በታች አራት ጣት ያህል ተጠፍጥፎ ተሰፍቶ ከዚያ በኋላ ቢለቀቅ ሆዷን ሳያጎላ በደንብ ይዘረጋል።

የጥለቱ አቀማመጥም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዓይን ጥለትን ተከትሎ ይሄዳልና ከደረት እስከ እግር በቁም የወረደ ጥለት ቁመት ይጨምራል፤ ዳሌ ላይ በአግድም የዞረ ደግሞ ሰውነትን ያሰፋል። ቁመቷ አጭር የሆነች ሴት ከታች እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥለት ካደረገች ቀሚሱ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል፤ ለእሷ ጠበብ ያለው ያምርባታል። መቀነቱም ዳሌ ላይ ወርዶ ሳይሆን በወገብ ጠባቡ ቦታ ላይ መታሰር አለበት።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ወፈር ያሉ ሴቶች ሰውነታቸውን ለመሸሸግ ብለው ሰፊ ቀሚስ ሲያዙ ነው። ከደረት ጀምሮ ሳይያዝ የሚወርድ ጨርቅ የሚለካው በሰውነት ሰፊው ቦታ ስለሆነ፣ ከደረት በታች ያለውን ቀጭን ቦታ ሁሉ በዚያው ስፋት ይሸፍነዋል። እያንዳንዱ ሰውነት የሚጠብብበት ቦታ አለው፤ ለአንዷ ወገቧ፣ ለሌላዋ ከጡት በታች፣ ለሌላዋም የእጅ አንጓዋ ነው። ቅርጹ ያንን ቦታ ይዞ ከዚያ ቢለቀቅ ሰውነት ይታረማል። የትከሻው ስፌት ደግሞ በትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ በልኩ መቀመጥ አለበት፤ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ክንድ ቢወርድ ቀሚሱ የሌላ ሰው ይመስላል።

አሁን የምገልጸው ስህተት እኔ ራሴ የፈጸምኩት ስለሆነ በሰፊው ላስረዳ። በጀማሪነቴ ዘመን አንዲት የሙሽራ እህት ፕሮቫ ላይ፣ ማለትም ቀሚሱ ሳያልቅ ለብሳ ስትሞክረው፣ እጇን ከፍ አድርጋ «እትዬ፣ ብብቱ ይዞኛል፤ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» አለችኝ። እኔም የእጅጌውን መግቢያ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩላት፤ እጇን ዘርግታ ስትቆም ተመቻት። በሠርጉ ዕለት ግን ማሲንቆው ሲነሳና እስክስታው ሲደምቅ፣ ትከሻዋን በሰበቀች ቁጥር ቀሚሷ በሙሉ ወደ ላይ ይሳብ ነበር። ጥለቱ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ወጣ፣ መቀነቷም ከወገቧ ሸሸ፤ ሌሎቹ ሲጨፍሩ እሷ ቀሚሷን በሁለት እጇ ወደ ታች ስትጎትት አየኋት። የእጅጌው መግቢያ ዝቅ ባለ ቁጥር እጅጌው ከቀሚሱ ጎን ጋር ይያያዛልና ክንድ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ቀሚሱ ነው። እስክስታ የሚያስችለው ቁርጥ የእጅጌው መግቢያ ሳይቆነጥጥ ወደ ብብት የቀረበ፣ እጅጌው ከላይ ዘና ያለ፣ ከኋላ በሁለቱ ትከሻዎች መካከልም 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ያለው ነው። ያቺ ልጅ ይዞኛል ያለችው ብብቱ ሳይሆን የጀርባው ጥበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛዋንም ደንበኛ ፕሮቫ ላይ ሦስት ጊዜ ትከሻዋን ሳትሰብቅና በርጩማ ላይ ሳትቀመጥ አላሰናብትም።

ነጠላን መርሳትም የተለመደ ስህተት ነው። ለጥምቀት የሚለበስ ቀሚስ ከነጠላ ጋር የሚታይ በመሆኑ ትከሻው ላይ የተነፋ እጅጌ ወይም ብዙ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ጌጡ ከነጠላው ሥር ይቀራል፤ የትከሻውን ስፋት ብቻ ይጨምራል። ለዚህ በዓል ጌጡ ደረቱ መካከልና እጅጌው ጫፍ ላይ ቢሆን ይመረጣል። የጥር ሌሊት በጎንደር ብርዳም ስለሆነ ከቀሚሱ ሥር ሙቀት ያለው ልብስ የሚለብሱ ካሉ፣ ያንኑ ለብሰው ይለኩ።

በመጨረሻም ርዝመቱን የሚወስነው ጫማው ነውና በዕለቱ የሚያደርጉትን ታኮ ሳይዙ ለፕሮቫ አይምጡ። በነጠላ ጫማ ተለክቶ በታኮ የሚለበስ ቀሚስ ያጥራል፤ በታኮ ተለክቶ ከጭፈራው መካከል ጫማው ሲወልቅ ደግሞ ይረገጣል። ለሠርግ ፎቶ ወደ ፋሲል ግቢ የምትሄድ ሙሽራ የድንጋይ ደረጃ መውጣቷ አይቀርም፤ ስለዚህ ከፊት ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ከኋላ እንዲወርድ አድርጌ እሰፋላታለሁ፤ ይህም ቀሚሷን በአንድ እጇ፣ አበባዋን በሌላው ይዛ ሳትሰናከል እንድትወጣ ያስችላታል።