ሽበትን በሂና መሸፈን፦ በደሴ ብርድና በኮምቦልቻ ሙቀት

ሽበትን ሸፍኖ የሚቆይ የቤት ውስጥ ቀለም ሂና ነው። ቡናና ሻይ ላይ ላዩን ነክተው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠቡ ይሄዳሉ። የሽንኩርት ጭማቂ፣ እሬትና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ብዙ ቢወራላቸውም የነጣውን አያጠቁሩም፤ ሽበት የሚመጣው ከጸጉሩ ሥር ቀለም መሠራቱ ሲቆም ነውና።

ዱቄቱ ከሰኞ ገበያም ሆነ ከፒያሳ ሱቅ ቢገዛ አረንጓዴ መሆኑ ይታይ፣ ሽታውም የደረቅ ሣር ይሁን። ወደ ቡናማ ያደላው ከርሟል፤ ቀለም አይሰጥም። «ጥቁር ሂና» የሚባለውን ይተዉት። የሂና ቅጠል ብቻውን አያጠቁርም፤ በግማሽ ሰዓት የሚያጠቁረው ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል የተጨመረበት ነው፤ ቆዳ ያቆስላል፣ ፊት ያሳብጣል።

ለአጭር ጸጉር 100 ግራም፣ ትከሻ ለሚደርስ 200 ግራም፣ ለጺም 30 ግራም ይበቃል። ዱቄቱ በደቃቅ ወንፊት ይነፋል፤ ካልተነፋ ጉርድፉ ጸጉር ውስጥ ተሰንቅሮ ለማጠብ ያስቸግራል። በፕላስቲክ ወይም በሸክላ ዕቃ ለ100 ግራም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሮ ለብ ባለ ውሃ እንደ ወፍራም እርጎ እስኪሆን ይበጠበጣል። የፈላ ውሃ ቀለሙን ያደክመዋል።

ከዚያ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ ከቅጠሉ ቶሎ እንዲወጣ የሚያደርገው ሙቀት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚበቃው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ሌሊቱን ሙሉ አድሮም ላይደርስ ይችላል። የደሴ ሰው ዕቃውን በጋቢ ጠቅልሎ ምድጃው አጠገብ (እሳቱ ላይ አይደለም) ቢያሳድረው ይሻላል። መድረሱን ለማወቅ ጥቂት መዳፍ ላይ ያድርጉ፤ በ5 ደቂቃ ብርቱካንማ ምልክት ከተወ ደርሷል።

ቅቤ የተቀባ ጸጉር ሂና አይቀበልም። ቅቤውም ዘይቱም በሻምፑ ሁለቴ ታጥቦ ይውጣ፣ ጸጉሩም ይድረቅ ወይም ጠፈፍ ይበል። ግንባርና ጆሮ ቫዝሊን ይቀቡ፣ እጅ ጓንት ይልበስ። ጸጉሩ በአራት ተከፍሎ መጀመሪያ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ይለቀለቃል፤ እዚያ ያለው ሽበት ግትር ስለሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሳይሳሱ ወፈር አድርገው ይቀቡ፤ የሳሳበት ቦታ ቶሎ ደርቆ ዝንጉርጉር ይሆናል። በፌስታል ተሸፍኖ፣ በላዩ ሻሽ ታስሮ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ሲያበቃ በውሃ ብቻ ይታጠባል፤ ሻምፑ ለ2 ቀን አይነካውም።

ወዲያው ሲያዩት ሽበቱ እንደ ካሮት ቢቀላ አይደንግጡ፤ አየር ሲያገኘው በ2 እና 3 ቀን ጠቆር ይላል፣ ወደ መዳብና ቡናማ ቀይ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ግን ጥቁር አይሆንም። ጺማቸውን በሂና የሚያቀሉ የወሎ ሽማግሌዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ቀለም ነው።

ጥቁር ለሚፈልግ ሂናው ከታጠበ በኋላ የኢንዲጎ (ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ተክል) ቅጠል ዱቄት ይከተላል፤ እሱም ከተገኘ ነው። 100 ግራም ለብ ባለ ውሃና በአንድ ቁንጥር ጨው ተበጥብጦ 15 ደቂቃ ያርፋል፤ ሎሚ አይገባበትም። ቀለሙ ቶሎ ስለሚሞት ወዲያው ይቀባና ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ሂና ሳይቀድም ነጭ ጸጉር ላይ ብቻውን ቢቀባ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይጥላል።

ቀድሞ በሱቅ ቀለም የተቀባ ጸጉር ከሆነ ከጭንቅላት በፊት የወደቀ ጸጉር ላይ ይሞክሩት። ከክርን እጥፋት ላይም ጥቂት ቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ካሳከከ ወይም ካበጠ ይቅር። ለሕፃናት ደግሞ አይቀባም።

ከመጀመሪያው ቅብ በኋላ በየ3 እና 4 ሳምንቱ የበቀለውን ሥር ብቻ መንካት ይበቃል፤ ለዚህም 50 ግራም በቂ ነው። ሙሉ ጸጉሩን በየጊዜው መደጋገም ጫፉን እያጠቆረ ሥሩን ደማቅ ቀይ ያስቀረዋል። ጸጉሩ ድርቀት ከያዘው ሂናው ከታጠበ ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ቅቤ መቀባት ይቻላል።